በጋራ በሚጻፍ መድበለ ዕውቀት ላይ ስለሚነሣ ክርክርና ስለ አፈታቱ

(በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ብዙዎቻችን በየዕለቱ የምንገለገልበትን፥ ነገር ግን እንዴት እንደሚዘጋጅ ብዙም ያልመረመርነውን አንድ ትልቅ መድበለ ዕውቀት የሚመለከት ነው። ይኸውም በኢንተርኔት የሚነበበው ውክፔዲያ ነው። ውክፔዲያ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 15 ቀን 2001 በጂሚ ዌልስና በላሪ ሳንገር በአሜሪካ አገር ተመሠረተ። ከቀድሞዎቹ የኢንሳይክሎፔዲያ መጻሕፍት የሚለይበት ዋናው ነገር፥ ተመርጠው የተሾሙ ሊቃውንት ብቻ ሳይሆኑ ማንኛውም አንባቢ ሊጽፍበትና ሊያርመው የሚችል መሆኑ ነው። የአማርኛው ክፍል ወደ 15,000 ገደማ ጽሑፎች አሉት።

ሁሉም ሊጽፍበት የሚችል መጽሐፍ፥ ሁሉም ሊከራከርበት የሚችል መጽሐፍ መሆኑ ግልጽ ነው። እንግዲህ ሁለት ጸሐፊዎች በአንድ ገጽ ላይ ሳይስማሙ ቢቀሩ ዳኛው ማን ነው? መልሱ ብዙዎችን ሳያስደንቅ አይቀርም። «እውነቱ ይህ ነው» ብሎ የሚፈርድ ዳኛ በዚያ የለም። ያለው ሥርዐት ነው፤ ሥርዐቱንም የማያውቅ ሰው እውነት ይዞ እንኳ ሊረታ ይችላል።

ነገሩን ለማስረዳት ከሩቅ አገር ምሳሌ ከምናመጣ፥ በአርሲ ዞን የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ኦጎልቾን እንውሰድ። አንድ መምህር ስለ ኦጎልቾ አጭር ጽሑፍ አዘጋጀ እንበል። ከወረዳው ጋር የሚዋሰነውን ሐይቅ «ዝዋይ» ብሎ ይጽፋል። ሌላው መጥቶ ይሠርዝና «ደንበል» ይለዋል። ሦስተኛው ደግሞ «ኦጎልቾ ከተማ አይደለም፥ የስንዴ ዘር ነው» ብሎ ጽሑፉን በሙሉ ይለውጠዋል። በአንድ ሌሊት ገጹ ዐሥር ጊዜ ተጽፎ ዐሥር ጊዜ ይሠረዛል።

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፥ የመጀመሪያው ሥራ የጠቡን ዐይነት መለየት ነው። አንዳንዱ ጠብ ጠብ መስሎ ይታያል እንጂ ጠብ አይደለም። ከቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ኦጎልቾ የተባለ የስንዴ ዝርያ በእርግጥ አለ፤ ከተማይቱም አለች። ስለዚህ ለሁለቱ ሁለት ገጽ ሰጥቶ አንዱን ወደ ሌላው ማመልከት ብቻ ይበቃል። የዘመን አቈጣጠርም እንዲሁ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው የሚልና ሴፕቴምበር 12 ቀን 1974 ነው የሚል ሁለት ሰዎች ቢሠራረዙ፥ ሁለቱም እውነት ተናግረው በከንቱ ተጣሉ ማለት ነው። አቈጣጠሩን ጨምሮ መጻፍ እንዲህ ያለውን ጠብ ሳይወለድ ያስቀረዋል።

ሁለተኛው ዐይነት እውነተኛ የሐሳብ ልዩነት ነው። የሐይቁ ስም ከዚህ ይመደባል። እዚህ ላይ የውክፔዲያ ሥርዐት ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። ጸሐፊው ያለውን ነገር በታተመና ሌላው ሰው ሊመረምረው በሚችል ምንጭ ያስደግፍ፤ የታወቁትን አስተያየቶች ሁሉ በየክብደታቸው ያቅርብ፤ የራሱን አዲስ ግምት ግን አያስገባ። ስለዚህ ክርክሩ «የቱን ስም እወዳለሁ» ከማለት ወጥቶ «ካርታዎችና መጻሕፍት የትኛውን ስም፥ በየትኛው ዘመን ተጠቀሙ» ወደ ማለት ይመለሳል። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ጸሐፊዎች ግዳንስክ ወይም ዳንዚግ ስለምትባለው የፖላንድ ከተማ ረዥም ጊዜ ከተከራከሩ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ2005 ድምፅ ሰጥተው ከ1308 እስከ 1945 ላለው ታሪክ ዳንዚግ፥ ከዚያ በፊትና በኋላ ላለው ግዳንስክ እንዲባል ወሰኑ። በዚህ ጊዜ ድምፅ ቢሰጥም፥ እንደ ልማዱ ሚዛን የሚደፋው የማስረጃ ክብደት እንጂ የሰው ብዛት አይደለም።

የአካሄዱ ደረጃ እንደሚከተለው ነው። ጽሑፍህ ከተሠረዘብህ መልሰህ አትጻፈው፤ ከእያንዳንዱ ገጽ ጋር ወደ ተያያዘው የውይይት ገጽ ሄደህ ምክንያትህን ከነማስረጃው አስረዳ። በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ሕግ አንድ ሰው በአንድ ገጽ ላይ በ24 ሰዓት ውስጥ የሌሎችን እርማት ከሦስት ጊዜ በላይ ከመለሰ ከመጻፍ ሊታገድ ይችላል፤ እውነት ይዤ ነበር ማለቱም አያድነውም። ሁለቱ ካልተስማሙ በነገሩ ያልገባ ሦስተኛ ሰው አስተያየት እንዲሰጥ ይጠራል። ይህም ካልበቃ የብዙ ጸሐፊዎች አስተያየት ይጠየቃል፤ ይህ ጥያቄ እንደ ልማዱ እስከ 30 ቀን ክፍት ሆኖ ይቈያል።

ይህ አካሄድ ለአርሲ ሰው እንግዳ አይደለም። በአርሲ ኦሮሞ ባህል ያገባች ሴት ሲንቄ የተባለውን በትሯን ይዛ በሚጣሉ ሰዎች መካከል ብትቆም፥ ጠበኞቹ እጃቸውን መሰብሰብ ግዴታቸው ነው። ሲንቄዋ ማን እንደ በደለ አትፈርድም፤ ጠቡን ታቆማለች፥ ፍርዱን ሽማግሌዎች በኋላ ተቀምጠው ያዩታል። የውክፔዲያ አስተዳዳሪም ገጹን ለጊዜው ቈልፎ ተከራካሪዎቹን ወደ ውይይት ሲመልስ የሚሠራው ይህንኑ የሚመስል ሥራ ነው። ገጹን ቈለፈ ማለት በዚያች ሰዓት የተገኘውን ጽሑፍ አጸደቀ ማለት አይደለም።

ሦስተኛው ዐይነት የጠባይ ጉድለት ነው። መሳደብ፥ ማስፈራራት፥ የሰውን የግል ምስጢር ማውጣት፥ በሁለትና በሦስት ስም ተመዝግቦ ብዙ ሰው መስሎ መከራከር በሐሳብ ልዩነት ስም አይታለፍም። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ለዚህ ከ2004 ጀምሮ የሚሠራ፥ በጸሐፊዎች የሚመረጥ የግልግል ሸንጎ አለው። ሸንጎው የሰዎችን አድራጎት ይመረምራል እንጂ ስለ ሐይቁ ስም አይፈርድም። እ.ኤ.አ. በ2021 ኢትዮጵያን፥ ኤርትራን፥ ሶማሊያንና ጅቡቲን የሚነኩ የአፍሪካ ቀንድ ገጾች ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ጉዳዮች ጋር ተመድበው ነበር። ይህ የእኛ ጉዳይ ምን ያህል ጭቅጭቅ እንደሚያስነሣ ያመለክታል።

በትናንሽ ቋንቋዎች ክፍል ግን ሌላ አደጋ አለ። ጸሐፊው ጥቂት ከሆነ፥ ጥቂት አስተዳዳሪዎች ተባብረው መጽሐፉን የራሳቸው ርስት ሊያደርጉት ይችላሉ። በክሮኤሽያ ቋንቋ የሆነው ይኸው ነው። አንድ ቡድን የአስተዳዳሪነትን ሥልጣን ይዞ የአገሩን ታሪክ ለዓመታት ወደ ራሱ አመለካከት እንዳጣመመ፥ ውክፔዲያን የሚያስተዳድረው ድርጅት በ2021 ባወጣው ጥናት ገልጿል። የድርጅቱ ቦርድ በዲሴምበር 2020 ለሁሉም ቋንቋዎች የሚሠራ የጠባይ ደንብ አጽድቋል፤ አፈጻጸሙን የሚከታተል ኮሚቴም በ2024 ተመርጧል። ቢሆንም ደንብና ኮሚቴ የሰውን ማነስ አይተኩም። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የተባለው ለዚህም ይሆናል።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ይህ ጉዳይ ለመንግሥት ሠራተኛ ምን ይመለከተዋል የሚል ቢኖር፥ በሁለት መንገድ ይመለከተዋል። አንደኛ፥ የሚሠራበትን መሥሪያ ቤት ወይም አለቃውን የሚነካውን ገጽ ራሱ ቢያርም አድልዎ አለበት ተብሎ ይጠረጠራል። ስለዚህ ማንነቱን ገልጦ፥ ስሕተቱንና ማስረጃውን በውይይት ገጹ ላይ አስፍሮ፥ እርማቱን ለሌላ ሰው መተው ይገባዋል። ደመወዝ ተከፍሎት የሚጽፍ ሰውማ ይህን ማስታወቅ ግዴታው ነው።

ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። የኦጎልቾው መምህር «ይህን አባቴ ነግረውኛል» ቢል፥ አባቱ እውነተኛ ሰው ቢሆኑም እንኳ ቃላቸው ስላልታተመ አይቀበሉትም። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶች ቃል እዚህ ላይ ሕግ ሆኖ ቆሟል። ብዙ የታተመበት አገር በክርክሩ ይረታል፤ ታሪኩ በሽማግሌዎች አፍና በመዝገብ ቤት አቧራ ውስጥ የቀረ ወረዳ ግን ተከራካሪው ማስረጃ አጥቶ ይመለሳል። የወረዳውን ታሪክ፥ የሕዝቡን ቍጥርና የቦታ ስሞችን አጣርቶ ማሳተምና ለአንባቢ ክፍት ማድረግ ደግሞ ከሌላው ሰው ይልቅ የሚቀናው መዝገቡ በእጁ ላለው ሠራተኛ ነው።

ብዙ ጨዋ ሰው ጽሑፉ አንድ ጊዜ ሲሠረዝበት ተቀይሞ ይሄዳል። እርሱ በሄደ ጊዜ ገጹ የሚቀረው ለዐዋቂው ሳይሆን ለማይደክመው ነው። ልጆቻችን ስለ አገራቸው ሲጠይቁ የሚያነቡትም ያንኑ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ የተሠረዘበት ሰው ቍጣውን አብርዶ፥ ማስረጃውን ይዞ ወደ ውይይቱ ይመለስ። የሚከራከረውንም ሰው እንደ ጠላት ሳይሆን በአንድ መጽሐፍ ላይ አብሮት እንደሚሠራ ባልደረባ ይቍጠረው።