አሳታሚው የሰማውና ያልሰማው

የሙዚቃ አሳታሚ፣ ማለትም ዘፋኙንና ዘፈኑን መርጦ፣ የቀረጻውን ወጪ ሸፍኖ፣ ሸክላውን ወይም ካሴቱን አባዝቶ ለገበያ የሚያቀርብ ሰው፣ በዕድሜው አመሻሽ ላይ ስለ ታዋቂ ድምፃውያን ያለ ይሉኝታ የሚሰጠው አስተያየት በአድማጭ ዘንድ ወይ እንደ መጨረሻ ፍርድ ይወሰዳል፣ ወይ የንግድ ቅያሜ ነው ተብሎ ይጣላል። በቦንጋ ከተማና በካፋ ዞን ድምፅ በመቅረጽ፣ የቆዩ ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር በመገልበጥና ዘፈን መርጦ ለአድማጭ በማቅረብ ለተሰማራ ባለሙያ ግን ሁለቱም አያዋጡም፤ አሳታሚው ቀረጻው ሲካሄድ በቦታው ስለነበረ ቃሉ ምስክርነት ነው፣ ምስክርነት ደግሞ የሚመዘነው ምስክሩ ቆሞ በነበረበት ቦታ ልክ ነው።

የዚህ ምስክርነት ዋጋ ጎልቶ የሚታየው ካሴት በሚገለበጥበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ቦንጋ በደን የተከበበች፣ ዝናብና እርጥበት የሚበዛባት ከተማ በመሆኗ፣ ለዓመታት በሣጥን ተዘግቶ የኖረ ካሴት ሲወጣ በክሩ ጥቅል ጠርዝ ላይ እንደ ዱቄት የነጣ ሻጋታ ይታይበታል፤ ክሩን ከማጫወቻው ራስ ጋር የምታጣብቀው ትንሽ የጨርቅ ትራስ አብዛኛውን ጊዜ ተነቅላ ትገኛለች፤ ክሩም በእስክሪብቶ ቀስ እየተባለ አንድ ጊዜ ወደፊት፣ አንድ ጊዜ ወደኋላ ሳይጠቀለል ማጫወቻው ውስጥ አይገባም። ይህ ሁሉ አልፎ ድምፁ ከተሰማ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ግን ከሻጋታው ይከብዳል። በሽፋኑ ላይ የዘፋኙ ፎቶግራፍና የሙዚቃ ቤቱ ስም አለ፤ ባስ ጊታሩን ማን እንደመታ፣ ሳክስፎኑን ማን እንደነፋ፣ አንዳንዴም ዜማውን ማን እንደደረሰ አልተጻፈም። ያን ሊነግር የሚችለው በዕለቱ ገንዘብ ከፍሎ፣ ከቀረጻ ክፍሉ መስታወት ጀርባ ተቀምጦ ያዳምጥ የነበረው ሰው ነው፤ እርሱም ሲያልፍ ሰነዱ አብሮ ያልፋል።

አሳታሚው አምሐ እሸቴ ለእንዲህ ያለው ምስክር የታወቀው ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ሳለ፣ የሙዚቃ ቤት ከፍቶ ይሠራ የነበረው ወጣቱ አምሐ እ.ኤ.አ. በ1969 የድምፃዊ ዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ሕንድ ሀገር አሳትሞ ለገበያ አቀረበ፤ እስከ 1975 ባለው ጊዜም ከመቶ በላይ ትናንሽ ሸክላዎችን፣ ማለትም በእያንዳንዱ ገጽ አንድ ዘፈን ብቻ የሚይዙትን፣ ከዐሥራ ሁለት ረጃጅም ሸክላዎች ጋር አወጣ። አሳታሚውና ድምፃዊው ሁለቱም ያረፉት እ.ኤ.አ. በ2021 በወራት ልዩነት ነው። ዓለማየሁን የኢትዮጵያ ኤልቪስ፣ የኢትዮጵያ ጄምስ ብራውን የሚሉት ቅጽሎች ብዙ ተወርተዋል፤ ይሁንና ስለዚህ ድምፃዊ ከተሰጡት ፍርዶች ሁሉ ክብደት ያለው፣ አምሐ ድንጋጌውን ተላልፎ በገዛ ገንዘቡ የሰጠው ነው፤ ምክንያቱም በቃል የሚሰጥ አስተያየት ከጊዜ ጋር ሊለሰልስም ሊመርም ይችላል፣ የታተመ ሸክላ ግን በታተመበት ቀን የነበረውን ምርጫ እንዳለ ይዞ ይቆያል። በዚያው ዘመን የተነሣው ካይፋ ሬከርድስ እ.ኤ.አ. በ1975 የማሕሙድ አሕመድን «እሬ መላ መላ» ያሳተመው ነው፤ ስሙን ከካፋ ጋር የሚያያይዝ አንባቢ ቢኖር፣ ካይፋ የአሳታሚው የአሊ አብደላ ካይፋ ስም መሆኑን ማወቅ ይገባዋል።

በአሳታሚ ፍርድ ላይ የሚነሣው ክርክር የሚከረው ግን ከእነዚህ ሸክላዎች በኋላ በመጣው ፈረንሳዊ አሳታሚ በፍራንሲስ ፋልሴቶ ላይ ነው። «ኢትዮፒክስ» የተሰኘውን ተከታታይ የሲዲ ኅትመት እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ያወጣው ፋልሴቶ፣ ከመጀመሪያዎቹ ቅጾች አንዳንዶቹን «ወርቃማ ዓመታት» በሚል ስያሜ ከ1969 እስከ 1975 ባለው ጊዜ ወስኗቸዋል፤ በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊው የምሽት መድረኩን እንዳዳከመና ከዚያም ኪቦርድ የሳክስፎንና የትራምፔት ጓዶችን እንደተካ እየጠቀሰ፣ የኋለኛውን ሙዚቃ ያለ ማመንታት ነቅፏል። ፋልሴቶ ማስተሮችን፣ ማለትም የቀረጻዎቹን የመጀመሪያ ቅጂዎች፣ ፈልጎ፣ ባለሙያዎቹን በስም ጠይቆ፣ ሊጠፋ የነበረውን ሥራ ለዓለም ያደረሰ ሰው በመሆኑ ባለዕዳው ብዙ ነው፤ ሆኖም ዘመኑን በቁጥር የከፈለበት መስመር ከሙዚቃው ባሕርይ ይልቅ ከዕቃው ባሕርይ የተቀዳ መሆኑን ከካፋ ሆኖ የሚያዳምጥ ሰው ይረዳል። ሸክላ የሸክላ ማጫወቻና በአብዛኛው የኤሌክትሪክ መስመር ይፈልጋል፤ ስለዚህ የሸክላው ዘመን በዋነኛነት የአዲስ አበባና መብራት የነበራቸው ከተሞች ዘመን ነበር። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው የካሴት ቴፕ ግን በገበያ ቀን በትከሻ ተይዞ፣ መኪና በማይደርስበት ቀበሌም ቡና በሚለቀምበት ጥላ ሥር ይሰማ ነበር። የውድቀት ዘመን የተባለው፣ ለብዙ የገጠር አድማጭ የድምፃዊ ጥላሁን ገሠሠና የማሕሙድ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱ የገባበት ዘመን ነው፤ ይህን ከግምት ያላስገባ ወርቅነት ሚዛኑ ጎዶሎ ነው።

የኪቦርዱም ነገር እንደተፈረደበት አልቀረም። የዋሊያስ ባንድ አባል የነበረው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ ሀገር ብቻውን አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘር፣ ማለትም ድምፅን በኤሌክትሪክ ከሚፈጥር መሣሪያ፣ እንዲሁም ከበሮን ከሚተካ ማሽን ጋር አዋሕዶ የቀረጸው ካሴት፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በአንድ አሜሪካዊ አሳታሚ እንደገና ታትሞ ባለቤቱን ከዓመታት በኋላ ወደ መድረክ መልሶታል። በዚህ ሥራ ኪቦርዱ ትዝታንና ሌሎቹን ቅኝቶች፣ ማለትም የኢትዮጵያ ዜማ የሚመላለስባቸውን የድምፅ መሰላሎች፣ አልሻረም፤ ተሸክሟቸዋል። ኪቦርድ የገባባቸው ደካማ ቅንብሮች ብዙ መሆናቸው እውነት ነው፤ ጥፋቱ ግን የመሣሪያው ሳይሆን ቅንብርን አጥንቶ የሚሠራ ሰው የሚከፈለው ገንዘብ መጉደሉ ይመስላል።

ሌላው ጥንቃቄ የሚሻ ነገር ማመሳሰል ነው። ጌታቸው መኩሪያ በሳክስፎን ሽለላን፣ ማለትም ጀግና ከዘመቻ በፊትና በኋላ ራሱን የሚያነሣሣበትን ግጥምና ዜማ፣ ሲጫወት የውጭ አድማጮች ሕግ ከማይገድበው የአሜሪካ ጃዝ ጋር አመሳስለውታል። ማመሳሰሉ ለማያውቅ ጆሮ በር ይከፍታል፤ የሸላዩን እስትንፋስና ማሳረፊያ የሚያውቅ ሰው ግን በዚያ ሳክስፎን ውስጥ የሚሰማው ከቃል ወደ ትንፋሽ መሣሪያ የተሻገረ ንግግርን ነው። ስለዚህ የማመሳሰሉ ፍርድ ስለ ጌታቸው ከሚነግረው ይልቅ ስለ ፈራጁ የሸክላ መደርደሪያ የሚነግረው ይበዛል።

ይህ ሁሉ ለካፋ ባለሙያ ከሩቅ የሚታይ ክርክር ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱም በካፊኖኖ፣ ማለትም በካፋ ሕዝብ ቋንቋ፣ የሚዘፈነው ዘፈን በእነዚያ አሳታሚዎች ዓይን ውስጥ ሰፊ ቦታ አላገኘም፤ ዛሬ የሚቀርጸው ሰውም ሳያውቀው ያንኑ የአሳታሚ ወንበር ይዟል። በካፋ የዘመን መለወጫ በማሽቃሬ ባሮ በሚዘፈነው የኅብረት ዘፈን ላይ አንድ ማይክሮፎን ከአውጪው አፍ ፊት ቢቆም አውጪው እንደ ድምፃዊ ይወጣል፣ ተቀባዮቹ ከበስተጀርባ ይደበዝዛሉ፤ ማይክሮፎኑ ጥቂት እርምጃ ወደኋላ ቢሳብ ጭብጨባውና የእግር ምቱ ዘፈኑን ይይዙታል፣ የአውጪው ቃል ግን ግማሹ አይለይም። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ነው፤ ምርጫውም ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለሚያዳምጥ ሰው እንደ ዘፈኑ ባሕርይ ሆኖ ይሰማዋል። ስለዚህ ከፋይሉ ጋር በሚያዝ ማስታወሻ ላይ ከቀኑና ከቀበሌው ቀጥሎ ማይክሮፎኑ ከማን ፊት፣ በስንት እርምጃ ርቀት እንደቆመ፣ ከአውጪውም ስም በታች የተቀባዮቹ ስም አንድ በአንድ እየተጠየቀ መጻፍ አለበት፤ ይህም ዘፋኞቹ ከመበተናቸው በፊት፣ እዚያው ሜዳው ላይ የሚሠራ ሥራ ነው።