ጫኚ ፕሮግራም ሲሰናከል ዲስክን በእጅ ስለ ማሰናዳት

ስርዓተ ክወና የሌለው ኮምፒዩተር ጋዝ እንደሌለው ፋኖስ ነው፤ አካሉ ሁሉ ቢሟላም ብርሃን አይሰጥም። ስርዓተ ክወና ማለት፣ በተለምዶ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የምንለው፣ የኮምፒዩተሩን ክፍሎች የሚያዝዝና የሚያስተባብር ዋና ፕሮግራም ነው። ይህንንም በዲስክ ላይ የሚያስቀምጥልን ጫኚ ፕሮግራም ነው። ነገር ግን ጫኚውም የሰው ሥራ ነውና እንከን አያጣውም። በሥራው መካከል በተሰናከለ ጊዜ ምን ማድረግ እንደሚገባ ከዚህ በታች ለመግለጽ እሞክራለሁ።

በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለአንዳንድ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠቱ ይታወሳል። እንግዲህ በትምህርት ቤት ያለ ኮምፒዩተር ጌጥ ሳይሆን ተማሪ እጁን የሚያፍታታበት መሣሪያ ነው። በገርጂ ለሚገኘው ትምህርት ቤታችን ስድስት ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች በመጡ ጊዜ፣ እኔና የኮምፒዩተር ክበብ ጓደኞቼ ያለ ዋጋ ከሚገኙት የሊኑክስ ስርዓቶች አንዱን ልንጭንባቸው ተነሣን። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ የጀመረው ነው። ጫኚው ቋንቋውንና ኪቦርዱን በደንብ ጠየቀን፤ ዲስኩን ወደ ማሰናዳት በደረሰ ጊዜ ግን ምክንያቱን ሳይናገር በስድስቱም ላይ ቆመ። «ዲስኮቹ ሞተዋል፤ ይጣሉ» ያሉም ነበሩ። እኛ ግን ኮምፒዩተሮቹን ከፍላሽ አስነሥተን ብንመረምር፣ ከአንዱ በቀር ዲስኮቹ ሁሉ ያለ ችግር ይነበቡ ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት ዲስክን እንደ አንድ ሰፊ ቦታ መቁጠር ይጠቅማል። ቦታ ለመኖሪያ፣ ለማድቤትና ለዕቃ ቤት እንደሚሸነሸን ሁሉ ዲስክም በክፋዮች ይከፈላል፤ የየክፋዩም ወሰን የክፋይ ሠንጠረዥ በሚባል ካርታ ላይ ይጻፋል። የታወቁት ካርታዎች ሁለት ናቸው። አሮጌው ኤምቢአር እ.ኤ.አ. በ1983 የመጣ ሲሆን በዲስኩ መጀመሪያ ላይ ይጻፋል፤ ከ4 ዋና ክፋዮች በላይ አይመዘግብም፣ በተለመደው አሠራርም ከ2 ቴራባይት አያልፍም። አዲሱ ጂፒቲ ግን በተለመደው አሠራር እስከ 128 ክፋይ ይመዘግባል፤ ቅጂውንም በዲስኩ መጨረሻ ያኖራል። ቀድሞ በጂፒቲ የተከፈለ ዲስክ ኋላ በኤምቢአር ቢከፈል የቀድሞው ምልክት ሳይፋቅ ሊቀር ይችላል። ይህም ማለት ለአንድ ቦታ ሁለት የማይስማሙ ካርታዎች ተገኙ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ቀያሽ ችካል ከመትከል ይታቀባል፤ ጫኚያችንም የቆመው በዚሁ ነበር። ጂፓርትድ የተባለው የዲስክ መክፈያ ፕሮግራም የአሮጌውን ጂፒቲ ርዝራዥ ስላሳየን ነገሩ ተገለጠልን።

መድኀኒቱም ጫኚውን መተው ሳይሆን፣ ያቃተውን አንድ ሥራ በእጅ ሠርቶ የቀረውን ለእርሱ መመለስ ነው።

አንደኛ፣ በዲስኩ ላይ ያለውን ሰነድ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይገባል። እኛ በአንዱ ውስጥ የማናውቀውን ቤተሰብ ፎቶግራፎች ስላገኘን፣ ገልብጠን በመምህራችን በኩል ለባለቤቶቹ ሳንመልስ ዲስኩን አልነካነውም።

ሁለተኛ፣ ከፍላሽ ተነሥቶ ጂፓርትድን መክፈትና ትክክለኛውን ዲስክ በመጠኑ መለየት ነው። 500 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠው እዚያ 465 ያህል ሆኖ ቢታይ አያስደንግጣችሁ፤ ሻጩ በ1,000፣ ፕሮግራሙ በ1,024 እያባዙ ስለሚቆጥሩ ነው። አንዱን ዲስክ በሌላው ማሳሳት ግን የሰው ንብረት ያጠፋል።

ሦስተኛ፣ ከክፋዩ አጠገብ የቁልፍ ምልክት ቢታይ ክፋዩ በሥራ ላይ ነውና አስቀድሞ ማላቀቅ ያስፈልጋል። ይልቁንም ራም ሲሞላ መደገፊያ የሚሆነውን ስዋፕ የተባለ ክፋይ፣ ከፍላሽ የተነሣው ስርዓት ሳይጠይቅ ሊጠቀምበት ይችላል።

አራተኛ፣ አዲስ የጂፒቲ ሠንጠረዥ መፍጠር ነው። ከዚያም እኛ 512 ሜጋባይት በፋት32 ለማስነሻ፣ 40 ጊጋባይት በኤክስት4 ለስርዓቱ፣ 4 ጊጋባይት ለስዋፕ፣ የቀረውን በኤክስት4 ለተማሪዎች ሰነድ መደብን። በማስነሻው ክፋይ ላይ ኢኤስፒ የተባለውን ምልክት ማድረግ አይዘንጋ። በአሮጌው ባዮስ ለሚነሣ ኮምፒዩተር ግን በማስነሻው ፋንታ ፎርማት ያልተደረገ 1 ሜጋባይት ክፋይ ይበቃል፤ እርሱም ለባዮስ ማስነሻ የተመደበ ተብሎ ምልክት ይደረግበታል። ሰነዱ የራሱ ክፋይ ያለው፣ ስርዓቱ ኋላ ቢበላሽና እንደገና ቢጫን የተማሪው ሥራ አብሮ እንዳይጠፋ ነው።

አምስተኛ፣ በጂፓርትድ አዲሱ ሠንጠረዥ እንደተፈጠረ ወዲያው በዲስኩ ላይ ይጻፋል፤ ክፋዮችን የመፍጠሩ ሥራ ግን የማጽደቂያው ምልክት እስኪጫን ድረስ አይጻፍም። ስለዚህ ዝርዝሩን ደግሞ ማንበብ፣ መብራትም በመካከል ቢጠፋ ሥራው እንዳይቋረጥ ኮምፒዩተሩን ከባትሪ መጠባበቂያ ጋር ማያያዝ መልካም ነው።

ስድስተኛ፣ ወደ ጫኚው ተመልሶ «ዲስኩን ራስህ አሰናዳ» በሚለው ፋንታ በእጅ የመመደቡን ምርጫ መያዝ፣ ለየክፋዩም ሥራውን መንገር ነው።

ይህን ከፈጸምን በኋላ ጫኚው በአምስቱ ኮምፒዩተሮች ላይ እስከ መጨረሻው ሄደ። የስድስተኛው ዲስክ ግን በእውነት ያረጀ ስለነበረና ንባቡ በየጊዜው ስለሚቋረጥ፣ በመክፈል የሚድን አልሆነም፤ ሌላ ዲስክ ይጠብቃል። የጫኚ እንከንና የዲስክ ሞት በውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው በሁለት ሰዓት ሥራ ይቃናል፣ ሁለተኛው ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ በታች ክፍሎች ያላችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ አንድ ኮምፒዩተር ቆመ ሲባል በሰማችሁ ጊዜ «ይጣል» ከማለታችሁ በፊት በየትኛው ሥራ ላይ እንደቆመ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ ለትምህርት ቤታችን አምስት ኮምፒዩተሮች አትርፏል።