ከአዋጅ 47 እስከ ኮሪደር፤ የአዲስ አበባ ቤት በልደታ በኩል ሲታይ

የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ሃምሳ ዓመት ሞላው። በዚያው ዓመት ፓርላማው የውጭ ዜጎች በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዲኖራቸው የሚፈቅድ አዋጅ አጸደቀ፤ መነሻው 150 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ነው። የንብረት ታክስ አዋጅም በ2017 ወጣ። በ2016 ከፒያሳ የጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ ካዛንቺስን አፍርሶ ወደ ሌሎች ሰፈሮች ዘልቋል። ይህ ሁሉ በአጭር ጊዜ ተከታትሎ ስለመጣ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ወሬ የማይነሳበት ለቅሶ ቤትም ሆነ ሠርግ ማግኘት ከብዷል።

ጉዳዩን ከልደታ ተነስቶ ማየት ይጠቅማል። ሰፈሩ ድሮ የሚታወቀው በልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያንና በአውሮፕላን ማረፊያው ነበር፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦሌ እስኪሠራ ድረስ የሚነሳው ከዚያ ነበር። ዛሬ ከመስከረም 2008 ጀምሮ የሚሠራው የቀላል ባቡር ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም አብረው መጥተው የሚለያዩት ልደታ ላይ ነው። የኮንዶሚኒየሙ ሕንጻዎችም፣ የቤት ሙግት የሚጎርፍበት የፌዴራል ፍርድ ቤት ልደታ ምድብም እዚያው ይገኛሉ።

አዋጅ 47 ያደረገው በአጭሩ ይህ ነው። የከተማ ቦታ ሁሉ ያለ ካሳ የመንግሥት ሆነ፤ አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤትና ከ500 ካሬ ሜትር ያልበለጠ ቦታ ብቻ ተፈቀደለት፤ የሚከራይ ትርፍ ቤት በሙሉ ተወረሰ። ወርሃዊ ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነውን ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነውን የኪራይ ቤቶች ድርጅት ያዘው። ከ300 ብር ያልበለጡ ኪራዮችም ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሱ። በባላባትና በባለሀብት ቤት ሲከራይ ለኖረው ድሃ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ችግሩ በኋላ መጣ። ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት ከጥቂት ብሮች ሳይዘል ቀረ፤ በዚያ ገንዘብ ቀበሌው ጣሪያ ማደስ አልቻለም፤ ተከራዩም የራሱ ላልሆነ ቤት ገንዘብ ማውጣት ፈራ። የጭቃው ግድግዳ እያዘመመ ሄደ። ልጆች አድገው በዚያው ግቢ ጎጆ ወጡ፤ ጓዳው ተከፍሎ ለደባል ተከራየ። ልደታ፣ ተክለ ሃይማኖትና አብነት የምናውቃቸው መንደሮች እንዲህ ነው የተጨናነቁት።

መሬቱን ከመንግሥት በኪራይ ስለሚያስይዘው ሊዝ ብዙ አልልም። በ1986፣ በ1994 እና በ2004 ሦስት አዋጆች ወጡ፤ በመካከሉ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን አጸና። የማኅበር ቤቶችና የሪል ስቴት ኩባንያዎችም ታሪክ አላቸው፤ ነገር ግን የደረሱት አቅም ላለው ጥቂት ሰው ነው።

ዋናው ነገር ኮንዶሚኒየም ነው። በከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ጊዜ በገርጂ ሙከራ ተጀምሮ፣ በ1997 በተደረገው ምዝገባ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ስሙን አስመዘገበ። በ2005 ሁለተኛው ዙር 10/90፣ 20/80 እና 40/60 በሚል የቁጠባና የብድር ድርሻ ተከፍሎ ሲከፈት ከ900 ሺህ በላይ ሆነ። መሐል ከተማን በሰፊው አፍርሶ መልሶ የመገንባት ሥራም በዋናነት የተሞከረው ልደታ ላይ ነው፤ 26 ሄክታር ያህል ቦታ ተነሳ።

ቤት ፈላጊው ከቤቱ በእጅጉ ስለበዛ ዳኛው ዕጣ ሆነ። በየካቲት 2011 ከ51 ሺህ በላይ ቤቶች ሲወጡ፣ የኮዬ ፈጬ ሕንጻዎች በኦሮሚያ ብርቱ ተቃውሞ አስነሱ፤ ጥያቄው የወሰንና መሬቱን የለቀቁት ገበሬዎች ነበር። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የሆነው ግን ለእኔ ከዚያ ይብሳል። ለ25,491 ቤቶች በአደባባይ ዕጣ ወጣ፤ ሰው በደስታ ተቃቀፈ፤ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ከተማ አስተዳደሩ ዕጣውን ሰረዘ። ባንክ ካስተላለፈው የቆጣቢዎች ዝርዝር ውጪ ያሉ ስሞች ወደ ኮምፒውተሩ ገብተው ተገኙ፤ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ታሰሩ። ዕጣው በ2015 እንደገና ወጣ። ከ1997 ጀምሮ ለጠበቀ፣ ከጉሮሮው እየነጠቀም ለቆጠበ ሰው፣ የመጨረሻው መተማመኛ ዕጣው ንጹሕ መሆኑ ነበር። የተሰበረውም እሱ ነው።

የዕጣው ጉዳት በማጭበርበር ብቻ አያበቃም። ከደረሳቸው ብዙዎች የባንኩን ወርሃዊ ክፍያ መቋቋም ስላልቻሉ ቤቱን አከራይተው ራሳቸው ርካሽ ክፍል ፍለጋ ሄደዋል። ኮንዶሚኒየም እስከ አምስት ዓመት እንዳይሸጥ ሕጉ ስለከለከለም ሽያጩ በውክልና ተሸፍኖ ይካሄዳል፤ ሻጩ ሲሞት ወራሾች ይመጣሉ፣ ዋጋው ሲንር ሻጩ ራሱ ይመለሳል። ልደታ ፍርድ ቤት ደጅ ዶሴ ታቅፎ ከሚቆመው ሰው ብዙው የዚህ ዓይነት ሙግት ያለበት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት ይሁን ካለ ስድሳ ዓመት አልፎታል፤ ሰበር ችሎቱም በዚህ ቁጥር ላይ ደጋግሞ ፍርድ ሰጥቷል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የማይቆጠር አንድ ሰው አለ። አንድ ግቢ ለልማት ይፍረስ ሲባል የግል ቤቱ ባለቤት በአዋጅ 1161/2011 መሠረት ካሳና ምትክ ያገኛል። የቀበሌ ቤት ተከራዩ ኮንዶሚኒየም ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት ይሰጠዋል። በዚያው ግቢ ለዓመታት የኖረው ደባል ወይም የግል ቤት ተከራይ ግን ዕቃውን ሰብስቦ ይወጣል። ልጆቹ የሚማሩት እዚያ ነው፤ ዕድሩም፣ ጉልቱም፣ የቀን ሥራው እዚያ ነው። የዚህ ሰው ስም በተነሺ ዝርዝር ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኝም። የቤት ፖሊሲያችን ትልቁ ጉድለት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም የከተማው ወጣት፣ የመንግሥት ሠራተኛውና ከክፍለ ሀገር የመጣው አብዛኛው እሱ ነው።

ለእሱ የተጻፈ ሕግ የመጣው ዘግይቶ ነው። በ2013 የከተማው አስተዳደር ኪራይ መጨመርና ተከራይ ማስወጣትን ለሦስት ወር ከልክሎ አራዝሞት ነበር። በ2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ሲወጣ ግን ቋሚ ሥርዓት ተበጀ። ውሉ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይሆናል፤ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ ጭማሪው በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያሳውቀው መጠን ብቻ ነው፤ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር አይበልጥም። አከራዮች ግብሩን ፈርተው፣ ተከራዮችም ከአከራይ ላለመጣላት ብለው ውሉን ሳያስመዘግቡ መቅረታቸው አዋጁን ያዳክመዋል። የተመዘገበ ውል ግን ከኪራዩ ዋጋ በላይ ሊያገለግል ይችላል፤ ተከራዩ በዚያ ግቢ መኖሩን የሚመሰክር የመንግሥት መዝገብ ነውና። የካሳ ሕጉ ይህን መዝገብ እንደ ማስረጃ ተቀብሎ ተከራዩን ከተነሺዎች ተርታ ማስገባት አለበት፤ የሚቀጥለው ሰፈር ለመፍረስ ምልክት ሳይደረግበት በፊት።