«በልኩ ነው የምቆምረው» ማለት ያዋጣልን?

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ውድ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ርዕሳችን የአንድ ወጣት ጥያቄ ነው። ወጣቱ ጎጃም በረንዳ በሚገኝ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል። አንድ ቀን ከመግሪብ ሶላት በኋላ ቀረብ ብሎ፣ «ኡስታዝ፣ እኔ እንደ ሌሎቹ አላበዛም። በኮምፒዩተር ጨዋታ ውድድሮች ላይ በሳምንት 50 ብር ብቻ ነው የማስይዘው። በኃላፊነት ከተጫወትኩ ምን ችግር አለው?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው የእርሱ ብቻ አይደለም። አወራራጆቹ ራሳቸው «በኃላፊነት ይጫወቱ» ስለሚሉ ብዙ ልጆቻችን ልክ ካለው ይፈቀዳል ብለው ያስባሉ።

በቅድሚያ ጨዋታውንና ቁማሩን እንለይ። ኢ-ስፖርት የሚባለው ሰዎች በኮምፒዩተር ወይም በፕሌይስቴሽን የሚያደርጉት ውድድር ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. የኢ-ስፖርት የዓለም ዋንጫ በሪያድ ሲካሄድ ሽልማቱ የቀረበው ከአዘጋጆቹ ነበር። «ውድድሩ በሙስሊም አገር ከተካሄደ ውርርዱም ሐላል ነው» የሚሉ አሉ። ይህ ስሕተት ነው። ውርርዱ በተጫዋቾቹ መካከል ያለ ጉዳይ ሳይሆን በአስያዡና በአወራራጁ መካከል የሚደረግ ሌላ ውል ነው። አንዱ የሚያገኘው ሌላው ሲያጣ ብቻ ነው። ቁማር ማለትም ይኸው ነው። በየሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤቶች «የተሸነፈ ይከፍላል» የሚባለውንም ብዙ ዑለማዎች ከዚሁ ይመድቡታል።

መጠኑ ማነሱስ ለውጥ ያመጣልን? አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ማኢዳህ አንቀጽ 90 ቁማርን ከአስካሪ መጠጥ ጋር አንድ ላይ ጠቅሶ እንድንርቀው ሲያዝ ትንሹን ከብዙው አልለየም። በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 219 ደግሞ ጥቅም እንዳለው ሳይሸሽግ ኃጢአቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ነግሮናል። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባልንጀራውን «ና እንቆማመር» ያለ ሰው ሶደቃ እንዲሰጥ አዘዋል። አንድ ሳንቲም ሳይወጣ ቃሉ ብቻ ማካካሻ ካስፈለገው ለ50 ብር ምን ምክንያት ይቀርባል?

ነጋዴ ወገኖቻችን ደግሞ ሒሳቡን እንመልከት። እኩል አቅም ያላቸው ሁለት ተጫዋቾች ይጋጠማሉ እንበል። አወራራጁ ለሁለቱም 1.80 ኦድ ይሰጣል። በአንድ ቲኬት አምስት እንዲህ ያሉ ግጥሚያዎች ቢገመቱ ውጤቱ በ32 መንገድ ሊወጣ ይችላል። 32 ሰዎች 10 ብር እየከፈሉ የተለያየ ግምት ቢይዙ 320 ብር ይሰበሰባል። ከእነርሱ የሚያሸንፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። 1.80 በራሱ አምስት ጊዜ ተባዝቶ 189 ብር ያህል ይደርሰዋል። 31ዱ ባዶ እጃቸውን ሲሄዱ 131 ብሩ ለአወራራጁ ይቀራል። እንዲህ ያለ ንግድ ውስጥ እያወቀ የሚገባ የመርካቶ ነጋዴ ይኖራልን? ልክ ማበጀት ኪሳራውን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

ወደ ወጣቱ እንመለስ። «ልጄ፣ 50 ብሩ ሲያልቅ ምን ታደርጋለህ?» ስንለው ጥቂት ዝም አለና አቀረቀረ። የተበላውን ለማስመለስ ከሱቁ የዕለት ሽያጭ ሦስት ጊዜ አንስቷል። አሠሪው በእርሱ ፈንታ ሌላውን ሠራተኛ ጠርጥሮ አኩርፎታል። ሸይጣን በቁማር ሰበብ በመካከላችን ጠብንና ጥላቻን ሊጥል፣ ከዚክርና ከሶላትም ሊያግደን እንደሚሻ አንቀጽ 91 ያስጠነቅቃል። ልጁ ዐስርን ቲኬት ሲጠብቅ ማሳለፉንም ራሱ ነግሮናል።

ተውበት እንዴት ይሁን? ወዲያውኑ ማቆም፣ መጸጸት፣ ላለመመለስ መቁረጥ ነው። የሰው ሐቅ ያለበት ሐቁን ይመልሳል። ንጹሑ ሰው ተጠርጥሮ ከሆነም እውነቱን ተናግሮ ስሙን ያጠራለታል። በውርርድ ያገኘውን ለድሆች ያወጣል። የተበላውን ለማስመለስ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አይሞክር፤ ብዙዎች የሰመጡት በዚህች «አንድ ጊዜ» ነውና። ወጣቱ በማግስቱ ለአሠሪው ነገረው። አሠሪውም ገንዘቡን ከደመወዙ በጥቂት በጥቂቱ ሊቀንስ ተስማማ፤ ሌላውንም ሠራተኛ ይቅርታ ጠየቀ።

ወላጆች ሆይ፣ በ2015 ዓ.ም. በከተማችን በርካታ የውርርድ ቤቶች ሲዘጉ እፎይ ያላችሁ ትኖራላችሁ። ነገር ግን ውርርዱ ልጃችሁ ኪስ ውስጥ ባለው ስልክም ይገኛል። ስለዚህ ከመቆጣት በፊት ጠይቁ። እውነቱን ሲነግራችሁም አታዋርዱት። ቤቱ ውስጥ መናገር ያልቻለ ልጅ ዕዳውን በሌላ ዕዳ ይሸፍናል።

አላህ (ሱ.ወ.) በሐላሉ አብቃቅቶን ከሐራሙ ይጠብቀን። ልጆቻችንንም ቀጥተኛውን መንገድ ይምራልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።