የይዞታ ደብተሩና የገጠሯ ሴት

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ፣ በገዛ እጁ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ሁሉ ጾታ ሳይለይ መሬት እንዲያገኝ ደንግጎ ነበር። አዋጁ ወደ ማሳው ሲወርድ ግን ሌላ መልክ ያዘ። የገበሬ ማኅበራቱ መሬት የደለደሉት በቤተሰብ ሲሆን፣ የቤተሰብ ኃላፊ ተብሎ የሚመዘገበው በአብዛኛው ባል ነበር። የሚስት ድርሻ በባሏ ስም ውስጥ ተሸፍኖ ቀረ። ትዳሩ እስከጸና ድረስ ይህ ጉድለት ለማንም አይታይም፤ ሁለቱም ያርማሉ፣ ያጭዳሉ፣ ከአንድ ጎተራ ይበላሉ። ጉድለቱ የሚወጣው ባል ሲሞት ወይም ጋብቻው ሲፈርስ ነው። ስለዚህ የገጠር ሴት የመሬት መብት የሚለካው ትዳሯ በሚያበቃበትና የወላጆቿ ውርስ በሚከፈልበት ቀን እጇ ላይ በሚቀረው ነገር ነው እላለሁ። ሕግ አውጪውም፣ የቀበሌ መሬት አስተዳደሩም፣ ሽማግሌውም ዓይናቸውን መጣል ያለባቸው እነዚህ ቀናት ላይ ነው።

በሕግ በኩል የተሠራው ሥራ ቀላል አይደለም። የ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች መሬትን በመጠቀም፣ በማስተዳደርና በማስተላለፍ ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው፣ በውርስም እኩል እንደሚታዩ ይናገራል። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ የጋራ ንብረት ፍቺ ሲመጣ እኩል እንዲከፈል ደነገገ። የ1997ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዘዘ። የመሬት ምዝገባውን ቀድማ የጀመረችው ትግራይ መጀመሪያ ላይ ደብተሩን በቤተሰብ ኃላፊው ስም ብትሰጥም፣ ከዚያ በኋላ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ የተሰጠው ደብተር የባልንና የሚስትን ስም ጎን ለጎን ያሰፈረ ነበር። በአማራ ክልል የሁለቱም ፎቶግራፍ ጭምር ይለጠፍበታል።

ይህ ወረቀት ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ ማስረጃው ግን ከዚያ በላይ ያሳያል። በብዙ የሰሜን ገበሬዎች ዘንድ ሴት እርፍ አትጨብጥም። ባል የሌላት ሴት በሬና አራሽ ስለማይኖራት መሬቷን በእኩል ለሌላ ትሰጣለች። ደብተር ባልነበረበት ጊዜ ይህ ትልቅ ፍርሃት ነበረበት፤ ለዓመታት ያረሰው ሰው «መሬቱ የእኔ ነው» ቢል በምን ትከራከረዋለች? አራሹ የባሏ ዘመድ ከሆነማ ጉልበት ቢያንሰው እንኳ ማሰናበቱ ከባድ ነው። ተመራማሪዎቹ ስታይን ሆልደን፣ ክላውስ ዳይኒንገርና ሆሳዕና ገብሩ በትግራይ ባደረጉት ጥናት፣ ደብተር ያገኙ በሴት የሚመሩ ቤተሰቦች መሬታቸውን ይበልጥ ማከራየት እንደጀመሩ አሳይተዋል። መሬቷን እንደማትነጠቅ ያወቀች ሴት አራሽ መምረጥና ውል ማስገባት ትችላለች ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ምዝገባ ያልታሰበ ጉዳትም ያመጣል። ሩዋንዳ ከ10 ሚሊዮን በላይ ቁራሽ መሬት በጥቂት ዓመታት ውስጥ መዝግባለች። በሙከራው ምዕራፍ ላይ የተደረገ ጥናት፣ በሕግ የተጋቡ ሴቶች መብታቸው ሲጠናከር፣ ጋብቻቸው በሕግ ያልተመዘገበላቸው ግን እንዲያውም ወደኋላ እንደቀሩ አገኘ። መዝጋቢው ወረቀት ጠየቀ፤ እነሱ ደግሞ ወረቀት አልነበራቸውም። የእኛ ሕግ በባህልና በሃይማኖት የተፈጸመ ጋብቻን ስለሚቀበል በዚህ በኩል ይሻላል። ነገር ግን ከአንድ በላይ ሚስት በሚያገቡ አካባቢዎች ሁለተኛዋ ሚስት ስሟ የት እንደሚሰፍር ማን ይጠይቅላታል? ከዚህ የባሰው ከጋብቻ በፊት የተያዘው መሬት ነው። በቤተሰብ ሕጉ መሠረት ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ ወይም በውርስና በስጦታ የመጣ ንብረት የግል ሆኖ ይቀራል። ሙሽራዪቱ ወደ ባሏ ቀዬ ትሄዳለች፤ መሬቱን ለልጃቸው የሚሰጡት የባል ወላጆች ናቸው። ሃያ ዓመት አርማበት፣ እርከን ሠርታበት፣ ፍቺ ሲመጣ የምትካፈለው ከመሬቱ የተገኘውን ፍሬ እንጂ መሬቱን አይደለም። ወደ አባቷ ቤት ስትመለስ ደግሞ ወንድሞቿ መሬቱን ይዘውት ይቆያሉ።

እዚህ ላይ የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው ባህል ነው። ለሴት መሬት መስጠት ከውጭ የመጣ ሐሳብ ነው ለሚሉ፣ የቀደመው የርስት ሥርዓት ራሱ ይመልስላቸዋል። በጎጃምና በጎንደር ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይቆጠር ነበር፤ በጎንደር ዘመን ሰነዶች ውስጥ ሴቶች መሬት ሲሸጡ፣ ሲገዙ፣ ሲከራከሩም ይገኛሉ። ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው፤ መሬቱ ጠብቧል፣ ለሴት ልጅም ከተከፈለ ምኑ ይታረሳል? እውነት ነው፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ በብዙ ቦታ አንድ ሄክታር እንኳ አይሞላም። ግን ለሦስት ወንድማማቾች ሲከፈል ጥበቱን ማንም አያነሳውም፤ እህት ስትመጣ ነው ጥያቄ የሚሆነው። ሳይቆራረጥ በጋራ ማረስና ምርቱን መካፈል፣ ወይም ድርሻን ማከራየት ይቻላል። ሴት ስለማታርስ መሬቱ ይባክናል የሚለውም አይጸናም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ሪፖርት፣ ሴት ገበሬዎች የወንዶቹን ያህል የማምረቻ አቅርቦት ቢያገኙ የማሳቸው ምርት ከ20 እስከ 30 በመቶ ሊጨምር እንደሚችል ገምቷል። የጎደላት በሬ፣ ማዳበሪያና ብድር ነው።

ጉዳዩ አሁን ይበልጥ አጣዳፊ ሆኗል። በ2016 ዓ.ም የወጣው አዲሱ የገጠር መሬት አዋጅ የመጠቀም መብትን አስይዞ ለመበደር በር ከፍቷል። ብድሩ ሳይመለስ ቢቀር አደጋው የሚደርሰው በሁለቱም ላይ ስለሆነ፣ ሚስት ሳታውቅና ሳትፈርም የሚያዝ መሬት መኖር የለበትም። አበዳሪው ድርጅትም የቀበሌው ባለሙያም ደብተሩ ላይ ያለውን ስም ማየት ብቻ ሳይሆን ራሷን አስቀርበው ሊያነጋግሯት ይገባል። ከተማ የምንኖር፣ ወላጆቻችን ግን ገጠር ያሉ ብዙዎች ነን። የአባታችሁ መሬት ሲከፈል እህቶቻችሁን ከሽማግሌዎቹ ፊት አብራችሁ አስቀምጡ፤ ድርሻቸው በስማቸው ሳይጻፍ አትፈርሙ።