ሌሊት ሞተር ክፍሉ ባዶ ነው

400 ሜትር የሚረዝም የኮንቴይነር መርከብ ላይ እንደምሠራ የሰማ ሰው ሁሉ ‹‹ስንት መቶ ሰው ሆናችሁ ነው?›› ይለኛል። ካፒቴኑም ወጥ ቤቱም ተደምረው ሃያ ምናምን ነን ስል ያሾፍኩ ይመስላቸዋል። ሌሊት ሞተር ክፍሉ ውስጥ ሰው እንደሌለማ ጭራሽ አያምኑኝም። ተረኛው መሐንዲስ ካቢኑ ውስጥ ተኝቷል፤ የሆነ ነገር ከተበላሸ አላርሙ ራስጌው ይጮኽበታል። ብቻውን ሲወርድ ሰዓት ይቆጠርበታል። በየተወሰነው ደቂቃ ቁልፍ ተጭኖ ‹‹አለሁ›› ካላለ ሌሎቻችን እንቀሰቀሳለን።

እኔ ኤሌክትሪሺያኑ ነኝ፤ ባሕር ዳር ሠልጥነው ውቅያኖስ ላይ ከሚሠሩት አንዱ። ራስ ምታቴ ሪፈሮቹ ናቸው፣ ማቀዝቀዣ ያላቸው ኮንቴይነሮች። በእንዲህ ያለ መርከብ ላይ የሪፈር ሶኬት ብቻ ከሺህ ሊያልፍ ይችላል። የቀዘቀዘ ሥጋ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ እስከቆየ ድረስ ብዙ አያስቸግርም። ሙዝ ግን ሕይወት አለው። 13 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል፤ በጣም ከቀዘቀዘ ልጣጩ ይበላሻል፣ ከሞቀ መንገድ ላይ ይበስላል።

ዛሬ የሁሉም ሙቀት ስክሪን ላይ ይታያል። ቢሆንም በእግሬ እዞራለሁ። በኮንቴይነሮቹ መሃል ባለችው ጠባብ የብረት መተላለፊያ ሳልፍ የኮምፕሬሰሩን ድምፅ አዳምጣለሁ፣ የተቃጠለ ሽቦ ይሸት እንደሆን አሸታለሁ። ኃይሉን አጥፍቼ ሶኬቱን ስነቅል ደግሞ ጨው የበላው እግሩ አረንጓዴ ሆኖ አገኘዋለሁ። ይሄን ስክሪኑ አይነግረኝም። ቁጥሩም ቢሆን የአየሩ እንጂ የሙዙ አይደለም። የሚነፋው አየር 13፣ የሚመለሰው 16 ከሆነና ልዩነቱ አልጠብ ካለ ሙዙ ራሱ እየሞቀ ነው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 የኮንቴይነር መርከቧ ‹ኤቨር ጊቨን› ስዊዝ ቦይ ላይ ለ6 ቀን ስትጋደም ዓለም አፍንጫዋ የተሰካበትን አሸዋ ያይ ነበር። እኔ ያሰብኩት ከ300 በላይ ሆነው ተራ ሲጠብቁ ስለነበሩት መርከቦች ኤሌክትሪሺያኖች ነው። ዋናው ሞተር ቢጠፋም ጄኔሬተር አይጠፋም፣ ሪፈር ወረፋ አያውቅም።

መርከቦቻችን በርዝመት እንኳ ብዙ አላደጉም። እ.ኤ.አ. የ2006ቷ ‹ኤማ ማርስክ› 397 ሜትር ነበረች። የተጨመረው በወርድና በከፍታ ነው፤ በ2023 የወጣችው ‹ኤምኤስሲ ኢሪና› 24,346 ኮንቴይነር ትጭናለች ይባላል። (ቆጠራው በባለ 20 ጫማ ነው፤ አብዛኛው ባለ 40 ስለሆነ ዓይን የሚያየው ወደ ግማሹ ይጠጋል።) የሠራተኛው ቁጥር ግን ያው ነው።

አንድ ረዳት እንዲጨመርልኝ ደጋግሜ ጽፌአለሁ። በመጨረሻ ተላከልኝ፦ ሁለተኛ ስክሪን።