ናቹራል ወይስ ሶሻል? ከአዋሽ እስከ ሰመራ

10ኛ ክፍል ሲያልቅ አዋሽ ሰባትም ሆነ ሰመራ ያለ ወላጅ የሚጨነቀው በአንድ ነገር ነው፤ ልጁ ናቹራል ይግባ ወይስ ሶሻል? ጥያቄው የቆየ ነው፤ ክብደቱ ግን በየዘመኑ ተለዋውጧል። በማትሪክ ዘመን ዋናው ማጣሪያ 12ኛ ክፍል ላይ ነበር። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወደ 10ኛ ክፍል አወረደው፤ ያለፈው ወደ መሰናዶ፣ ያላለፈው ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄድ ነበር። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2011 ዓ.ም. በኋላ በመቅረቱ ፍርዱ ተመልሶ 12ኛ ላይ ተከምሯል።

ናቹራልን ተፈላጊ ያደረገው የልጆቹ ዝንባሌ ብቻ አይደለም። መንግሥት ከዩኒቨርሲቲ ቅበላው 70 በመቶውን ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲመድብ፣ ናቹራል ለገባ ሰፊው በር ተከፈተለት። ይህ ስሌት የፈረሰው ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ሲጀምርና 50 በመቶ የግድ የማለፊያ መስመር ሲሆን ነው። በ2014ቱ ፈተና መስመሩን ያለፈው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ ከናቹራል 6.8፣ ከሶሻል 1.3 በመቶ። በ2017 ጠቅላላው ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። «ሶሻል ይቀላል» ብሎ ለሚመክር ዘመድ የ2014ቱን ቁጥር ማሳየት ይበቃል። እርግጥ ጎበዝ የተባለው ልጅ ቀድሞውኑ ወደ ናቹራል ስለሚገፋ፣ ቁጥሩ ብቻውን ሶሻል ከባድ ነው አያሰኝም።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ፈተናው ስድስት ትምህርት፣ 600 ነጥብ ነው። ናቹራል ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይፈተናል፤ ሶሻል ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ ግን ሁለቱም ዘንድ አሉ፤ የሒሳቡ ወረቀት ቢለያይም። ስለዚህ 300ው ነጥብ፣ ማለትም የማለፊያው መስመር ያህል፣ ቤተሰቡ ሲከራከርበት ከከረመው ምርጫ ውጭ ነው። የዚህ ነጥብ ዕጣ የሚወሰነውም በአብዛኛው ከ10ኛ ክፍል በፊት ነው።

አፋር ላይ ይህ የበለጠ ይከብዳል። ቤቱ አፋርኛ የሚናገር፣ ከተማ ዘመድ ዘንድ ተቀምጦ የሚማር የአርብቶ አደር ልጅ ገበያውን በአማርኛ ይለምዳል፤ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደግሞ የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። በ2017 የመሬት መንቀጥቀጡ የአዋሽ ፈንታሌንና የዱለቻን ነዋሪ ከቤቱ ሲያስወጣ ትምህርቱም አብሮ ተናግቷል። ቀድሞ ታዳጊ ከሚባሉት ክልሎች ለሚመጣ ተማሪ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥቡ ዝቅ ይል ነበር። ዛሬ 50 በመቶው ለሁሉም እኩል ሲሆን፣ ልዩ አስተያየቱ መስመሩን ላልደረሱ ወደሚሰጠው ሪሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) መቁረጫ ነጥብ ዞሯል። ሪሚዲያሉን ያለፈ ፍሬሽማን ይጀምራል፤ በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ሰመራ ላሉት ደጃቸው ነው፤ ለአዋሽ ሰባት ልጅ ግን በሚሌ በኩል የረጅም ሰዓት መንገድ ነው።

ስለዚህ ምርጫው ሲደርስ መጠየቅ ያለበት «ልጁ ምን ይወዳል» ብቻ ሳይሆን «ትምህርት ቤቱ የፊዚክስ መምህር አለው ወይ? ቤተ ሙከራው ይሠራል ወይ?» ጭምር ነው። በሌላ በኩል ግን ሶሻል የገባ ልጅ ኋላ ሕክምና ወይም ምህንድስና ቢያምረው በሩ ዝግ ነው።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብርናን 11ኛና 12ኛ ክፍል አስገብቷል። ጥጥና ሸንኮራ አገዳ በሚለማበት፣ የወረር ግብርና ምርምር ማዕከል በሚገኝበት የአዋሽ ሸለቆ ከዚህ የቀረበ ትምህርት የለም። በ2017ቱ ብሔራዊ ፈተና ግን ግብርና አልነበረበትም፤ ሰዓት ያጠረው ተማሪም መጀመሪያ የሚተወው እሱን ነው።